ምን ዓይነት ግድግዳ ነው?

በሩን በትከሻሽ ገፋሽው፤ እጅሽ ሴራሚክ ይዟል፣
ከጃንጥላሽ የወረደው ውኃ እስከ ሚዛኔ ተጉዟል።
«ማጣበቂያ ስጠኝ» አልሽኝ፣ «በባልዲ የታሸገ፣
ተቦክቶ ያለቀለት፣ ከኪሴ ብዙ ያልፈለገ።»

አልሰጥሽም፣ ኖልቢያ።

መጀመሪያ ስለ ግድግዳሽ፣ እንደ ሐኪም ልጠይቅሽ፤
በጣትሽ ስታንኳኪው ምን ብሎ ነው የሚመልስሽ?
እንደ ከበሮ ካስተጋባ ጂፕሰም ነው፤ ዝም ካለ ብሎኬት።
ቀለም አለው? የሚያብረቀርቅ፣ የድሮ፣ የዘይት?
እንግዲያው ቧጭሪው። ማጣበቂያው ቀለሙን አጥብቆ ይይዛል፣
ቀለሙ ግን ግድግዳውን አንድ ሌሊት ይክዳል።

ሴራሚኩን እዚህ አኑሪው። ስልሳ በሠላሳ፤ ኧረ ስንት ኪሎ!
ከዚህ ጀርባ የታፈነ የባልዲ ሊጥ የት ይደርቃል ቶሎ?
ዱቄቱን ውሰጂ። ያን ከረጢት፣ ደርቆም መተጣጠፍ የሚያውቀውን፤
ቫልፓራይሶ ነው ያለነው፤ ማን ያውቃል መሬት የሚያስበውን?

እንዲህ የምለፈልፈው በዶን አኒባል የተነሣ ነው።
ምንም ሳልጠይቅ ባልዲ ሸጥኩለት። ነሐሴ ላይ መሬቱ ትንሽ ተንፈራገጠ፣
ከብርጭቆ ሻይ አላፈሰሰም፣ ውሻ አላስደነገጠ፤
የአኒባል ሴራሚክ ግን አንድ በአንድ ገንዳው ውስጥ ሲረግፍ አደረ፣
ሰውዬው የመጸዳጃው ክዳን ላይ ተቀምጦ ቆጠረ።
በማግሥቱ አልጮኸብኝም። አንዱን፣ ሳይሰበር የተረፈውን፣
ባንኮኒዬ ላይ አስቀምጦ «አርባ ሰባተኛው ነው» አለ፤ ደፋ ቆቡን።
ይኸው እስከ ዛሬ ከገንዘብ መሳቢያዬ ሥር ነው።

አሁን ካዙላ። ለመዳፍ ለምታህል ሴራሚክ የስድስት ሚሊ ጥርስ ይበቃል፣
ላንቺ የአሥሩ ነው፤ ትልቅ ጀርባ ትልቅ ንክሻ ይጠይቃል።
መስመሩን ባንድ አቅጣጫ ሳቢው፤ እንደ ቀንድ አውጣ አታዙሪው፣
አንዱን ለጥፈሽ መልሰሽ ንቀዪና ጀርባውን መርምሪው።

ቆይ።
ልኩን ስትጽፊ እርሳሱን በግራሽ ያዝሽው።
እዚያ ሣጥን ውስጥ የግራ እጅ ካዙላ አለ፤ በስህተት የመጣ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባለቤት ያጣ።
በመጣበት ዋጋ ያንቺ ነው።

የቀረው አጭር ነው። ውኃው ይቅደም፣ ዱቄቱ ይከተል፤
በጥብጪና እጅሽን ሰብስቢ፣ አምስት ደቂቃ ያህል ይብሰል።
ከዚያ እንደገና በጥብጪው። ችኩል ሰው አይወድም፤
ካልጠበቅሽው አይጠብቅም።

አንቺ ግን ሳቅሽ።
«ኤሊሴዮ፣ ግድግዳው እኮ የኔ አይደለም፤ የዶኛ ኦርቴንሲያ ነው።
ውሌ መጋቢት ላይ ያልቃል። የኔ ሴራሚኩ ነው፤
ከአንቶፋጋስታ ድረስ በአውቶቡስ፣ በጭኔ ላይ የመጣው።
ስለቅ ይዤው ልሄድ ነው።
የማይጠብቀውን የምፈልገው ለዚህ ነው።»

ዝም አልኩ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሚይዝ ነገር ስሸጥ፣
ማንም አልጠየቀኝም ስለ መላቀቅ፣ ስለ መላጥ።

ጎንበስ ብዬ የአኒባልን ሴራሚክ ከመሳቢያው ሥር አወጣሁት፣
አቧራውን በክርኔ ጠርጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ገለበጥኩት።
ጀርባው ንጹሕ ነበር፤ አንድ ጫፉ እንኳ አልተሸረፈም።

ባልዲውን አወረድኩልሽ።
«ከገንዳው በላይ እንዳትለጥፊ» አልኩ፣ «ሰው ራቁቱን ከሚቆምበት፤
ከእጅ መታጠቢያው ጀርባ ይሁን፣ ዝቅ ብሎ፣ ቢወድቅም ከማይጎዳበት።»
የግራውን ካዙላ ከላይ ጣል አደረግሁበት።

አሳንሰሩ ኮረብታውን ይዞሽ ሲንቋቋ እየሰማሁ፣
አንድ ሽማግሌ ገባ፤ ለመደርደሪያ ምስማር ፈለገ።
«ምን ዓይነት ግድግዳ ነው?» ልለው ነበር፤
«ለስንት ጊዜ ነው?» አልኩት።